የልብስ አጣቢዋ ስጦታ

አንባቢ ሆይ፤ ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ በሚያሰባስብ ቢሮ የሚሠራ ሰው ሥራው ምን ይመስልሃል? የባለጠጎችን ደጅ መጥናት ብቻ ነው ያልህ እንደ ሆነ ተሳስተሃል። የሰጪዎችን ስም ይመዘግባል፤ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ገንዘቡም ሰጪው ላሰበው ጉዳይ መዋሉን ይከታተላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰውን በልብሱ አለመመዘን ነው።

በአሜሪካ፥ በሚሲሲፒ ግዛት፥ በሐቲስበርግ ከተማ ወይዘሪት ኦሲኦላ ማካርቲ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ይኖሩ ነበር። የታመሙ አክስታቸውን ለማስታመም ሲሉ ትምህርታቸውን ገና በ6ኛ ክፍል አቋርጠዋል። ዳሩ ግን ከዕለት ጉርሳቸው እየቀነሱ ባንክ ካኖሩት ገንዘብ 150 ሺህ ዶላር ለደቡብ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ችግረኛ ተማሪዎች መማሪያ እንዲውል አደረጉ። ይህም የተሰማው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ወሬው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰዎች እርሳቸውን ተከትለው ሰጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለምን?

እንግዲህ አንተ የዚያ ቢሮ ጸሐፊ ብትሆን፥ እጃቸው በሳሙና ውሃ የሻከረ አሮጊት በደጅህ ቢቆሙ ወንበር ትስብላቸው ነበርን? ወይስ «ነገ ይመለሱ» ትላቸው ነበር? መልሱን ለራስህ ንገረው።