ገበሬው በሌለበት ዋጋ እንዳይቈረጥበት

አዲስ ብልሃት ያወጣ ሰው ገንዘብ ካላገኘ፥ ባለገንዘብም ብልሃተኛ ሰው ካላገኘ፥ ሁለቱም ሳይጠቀሙ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት አደባባይ መኖሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ዕቃውን ገዝቶ የሚሠራበት ገበሬ በዚያ አደባባይ አይቀመጥም፤ የሚናገርለት ካልተገኘ ዋጋው የሚቈረጠው እርሱ በሌለበት ነው።

በአሜሪካ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ሻርክ ታንክ የሚባል የቴሌቪዥን ዝግጅት ይታያል። አዲስ ዕቃ የሠራ ሰው በባለጠጎች ፊት ቀርቦ፥ ይህን ያህል ገንዘብ ቢሰጡት ከንግዱ ይህን ያህል ድርሻ እንደሚሰጥ ይናገራል፤ እነርሱም መርምረው ይቀበሉታል ወይም ያሰናብቱታል።

በ2013 ዓ.ም. ጆኒ ጆርጅስ የተባለ የፍሎሪዳ ሰው ትሪ ቲፒ የሚባለውን ዕቃ ይዞ ቀረበ። ይህም ካገለገለ ፕላስቲክ የሚሠራ፥ እንደ ድንኳን ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ፥ በለጋ የብርቱካን ግንድ ዙሪያ የሚቆም ነው። የሚረጨው ውሃ ወደ ውጭ ሳይበተን በሥሩ ላይ ይወርዳል፤ ውርጭ በመጣ ጊዜም የመሬቱንና የውሃውን ሙቀት ይዞ ግንዱን ይጠብቃል። በጓሮው ጥቂት ዛፍ ለተከለ ሰውም ይጠቅማል።

ጆርጅስ የጠየቀው ለንግዱ 20 በመቶ ድርሻ 150,000 ዶላር ነበር። ዕቃውን በአራት ዶላር ተኩል ይሸጥ ስለ ነበር፥ ትርፉ እንዳነሰና ዋጋው ከፍ እንዲል ተነገረው። እርሱ ግን የሚሸጠው ለገበሬ መሆኑን አስረዳ። በመጨረሻ ጆን ፖል ዲጆሪያ የተባለው ባለጠጋ የተጠየቀውን ገንዘብ ሳይቀንስ፥ ድርሻውንም ሳይጨምር ተስማማ።

ዋጋው ይጨመር ያሉትም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ትርፍ የሌለው ዕቃ የማጓጓዣና የባለሱቅ ድካም ስለማይከፍል ወደ ሩቅ አገር አይደርስም። ነገር ግን ገበሬ የሚገዛው በዛፉ ቍጥር ነው፤ 300 ዛፍ ላለው ሰው በአንዱ ላይ አንድ ዶላር ቢጨመር 300 ዶላር ይሆንበታል። በአንዱ ዕቃ ብዙ ከማትረፍ ይልቅ በብዙው ዕቃ ጥቂት ጥቂት ማትረፍ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል።

እንግዲህ በየአገሩ ያሉ ሹማምንትና ባለሀብቶች፥ ብልሃተኛ ሰው በመጣላቸው ጊዜ፥ ከማመስገናቸውም ከማሰናበታቸውም አስቀድሞ ዕቃውን በገበሬ ማሳ ላይ ይፈትኑት። አንዱ ረድፍ በዕቃው፥ ሁለተኛው ያለ ዕቃው ይሁን፤ የፈሰሰው ውሃና የጸደቀው ተክል ይቈጠር። ከዚያም ገበሬው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ራሱ ይጠየቅ። ዋጋው ከዚህ መልስ ተነሥቶ ቢወሰን፥ ብልሃቱ መጋዘን ውስጥ ሳይቀር ማሳ ይደርሳል።