«ከዓረብ ጋር ስምምነት የለም» ለምትሉ ወገኖቻችን



ዛሬ የምንጽፈው ሁሉንም ሰው ላያስደስት ይችላል፤ ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልንም። እኛ በልጅነታችን መጥተን እዚህ ቤርሼባ ያደግን፣ ዛሬ የራሳችንን ልጆች ወታደር የምንሸኝ ነን። በሥራችን ከቤት ቤት ስንገባ፣ ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ ለቅሶ ስንደርስ ሁለት ንግግር እንሰማለን። አንዱ «ይሄ የመንግሥት ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚለው ነው። ሌላው «ከዓረብ ጋር ምን ስምምነት አለ? የሚገባቸው ዱላ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይሄን ሁለተኛውን ከኛ ሰው አፍ ስንሰማ እንደነግጣለን። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ራሳችን ከዓረብ አገር በስምምነት የወጣን ሰዎች ነን።

ታሪኩን እናንተ ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን ግማሹን ብቻ ነው የምንናገረው። ለልጆች የእግር መንገዱን፣ ሽፍታውን፣ ጥሙን፣ ኡም ራኩባ ላይ የተቀበሩትን እንነግራለን። መንገርም አለብን፤ ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን በመንገድና በሱዳን ቀርቷል። የማንነግረው ሌላው ግማሽ ግን ይኸውላችሁ። በ1967 የዓረብ መሪዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው ከእስራኤል ጋር ሰላም የለም፣ ዕውቅና የለም፣ ድርድር የለም አሉ። በ1984 መጨረሻ ከዚያችው ካርቱም አውሮፕላን እየተነሣ፣ በብራስልስ በኩል ዞሮ፣ ወደ 8,000 የሚሆን ሰው እስራኤል አገባ። የሙሴ ዘመቻ የምንለው ይሄ ነው። የሆነው የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በአሜሪካ አማላጅነት በምስጢር «እሺ» ስላለ ነው። የሞሳድ ጀግንነት አለበት፤ የእናንተ ጀግንነት ከሁሉም ይበልጣል። ግን ያ «እሺ» ባይኖር አውሮፕላኑ አይነሣም ነበር። በጃንዋሪ 1985 ወሬው ወጣ፤ የዓረብ መንግሥታት ሱዳንን ሲያስጨንቋት በረራው ቆመ። ባል እዚህ ሆኖ ሚስት እዚያ ቀረች፤ ልጅ እዚህ ሆኖ እናት እዚያ ቀረች።

በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣችሁም ብትሆኑ፣ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው የተነሣው ከአዲስ አበባ መንግሥት ጋር ተደራድረው፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ነው። እንግዲህ ስምምነት ሲኖር ምን እንደሚሆን፣ ሲፈርስም ምን እንደሚሆን ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

«ያ ድሮ ነው፤ ከኦክቶበር 7 በኋላ ነገሩ ሌላ ነው» ትሉ ይሆናል። እኛም እዚሁ ነበርን። ያን ቀን ቁስለኞች በመቶዎች ወደ ሶሮካ ሆስፒታል ሲገቡ አይተናል። በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል ያንኑ ሶሮካን መታ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ፣ ተኩስ ሊቆም ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ እዚሁ ከተማችን አንድ ሕንፃ ተመትቶ አራት ሰው ሞተ። ጠላት የለም አንልም። ግን ያልተጣላን ሰው ማን ያስታርቃል? ሽማግሌ የሚጠራው ጠብ ሲኖር አይደለም ወይ?

ግብፅን እንይ። በ1948፣ በ1956፣ በ1967፣ በ1973 ከግብፅ ጋር ጦርነት ነበር። በማርች 1979 ሰላም ተፈረመ። በሁለት ወሩ፣ ሜይ 27 ቀን፣ ሳዳት ራሱ ከቤጊን ጋር እዚህ ቤርሼባ መጣ። በ1981 ሳዳትን የራሱ ወታደሮች ገደሉት፤ ስምምነቱ ግን አልሞተም። «ቀዝቃዛ ሰላም ነው» ይሉታል። ይሁን፣ ይቀዝቅዝ! የኛ ልጆች ወታደር መሆን ከጀመሩ ወዲህ አንዲት እናት ልጇን ከግብፅ ጋር ለሚደረግ ጦርነት አልሸኘችም።

የቅርቡንም እናንሣ። አበራ መንግሥቱ በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን አልፎ ጋዛ ገባ፤ ከአሥር ዓመት በላይ በሐማስ እጅ ቆየ። ቤተሰቡ ጮኸ፣ እኛም አብረን ጮኽን፣ ጆሮ የሰጠን ጥቂት ነው። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ማን አወጣው? ታንክ አላወጣውም። ግብፅ፣ ኳታርና አሜሪካ መሃል ገብተው ያመጡት ስምምነት ነው ያወጣው። በዚያው ቀን የበደዊኑ ልጅ ሂሻም አል ሰይድም ወጣ፤ እሱ ደግሞ ከኛ ከተማ ብዙ ከማትርቀው ከሁራ ነው፣ ከ2015 ጀምሮ እዚያው ነበር። የአሽቀሎኑንም የሁራውንም ቤት እንባ ያበሰው አንድ ስምምነት ነው።

ይሄን ስንል የተፈረመ ወረቀት ሁሉ ይጨብጨብለት ማለታችን አይደለም። እስቲ አስታውሱን፤ በአገራችን፣ በጎንደር፣ ደም ሲፈስ ሽማግሌ እንዴት ነበር የሚያስታርቀው? የሟችን ወገንና የገዳይን ወገን ለየብቻ ያነጋግራል፣ ይመላለሳል፣ ካሳ ይቆርጣል፣ ያስምላል፣ በመጨረሻም ሁለቱን ፊት ለፊት ያቀርባል። ደም ማድረቅ ማለት ይሄ ነበር። የሟችን ወንድም ደጅ ትቶ ከአጎትና ከአማች ጋር ብቻ ተስማምቶ የሚነሣ ሽማግሌ ግን ግብዣ በላ እንጂ አላስታረቀም።

የዘመኑን ስምምነቶች በዚህ ሚዛን እንመዝናቸው። በ2020 የአብርሃም ስምምነት ከኤምሬትስና ከባሕሬን ጋር ተፈረመ፣ ሞሮኮም ተከተለች። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎናል። ዋናው ባለጠብ ፍልስጤማዊው ግን ደጅ ቆሞ ነበር። ሱዳንም በጃንዋሪ 2021 ፈረመች፤ የፈረመው ምክር ቤት እንኳ ያልነበረው የሽግግር መንግሥት ነው። በ2023 ጄኔራሎቹ እርስ በርስ ተዋጉ፣ ወረቀቱም ባለበት ቀረ። ኦክቶበር 13 ቀን 2025 በሕይወት የነበሩት ታጋቾች ሁሉ ወጡ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያው ቀን ሻርም ኤል ሼክ ላይ የአሜሪካ፣ የግብፅ፣ የኳታርና የቱርክ መሪዎች ፈረሙ። እስራኤልም ሐማስም በአዳራሹ አልነበሩም። አስታራቂ ፈረመ፣ የተጣሉት ግን አልተቀመጡም። ሥራው ገና መጀመሩ እንጂ ማለቁ አይደለም።

እናንተ አባቶችና እናቶች፣ ይሄን ሥራ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «እኛን ምን አገባን» አትበሉ። በወታደር መቃብር ላይ የኛ ስሞች አሉ። ለሚሉዊም ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ የሚጠሩት የኛ ልጆች ናቸው። ምርጫ ሲመጣ ፖለቲከኞች ሰፈራችን ድረስ መጥተው እንጀራችንን ይበላሉ፣ እስክስታችንንም ይሞክራሉ። ስለ ማሽካንታና ስለ ትምህርት ቤት እንጠይቃቸዋለን፣ ትክክል ነው። ይሄንንም ጨምረን እንጠይቃቸው፦ ከነማን ጋር ትቀመጣላችሁ? ባለጠቡንስ የት ልታስቀምጡት ነው? መልስ የሌለውን ሰው በባዶ እጁ እንሸኘው።

ለልጅ ልጆቻችሁም የሱዳንን ታሪክ ሙሉውን ንገሯቸው። በእግር የመጣችሁትን ብቻ ሳይሆን፣ «የለም» በተባለባት ካርቱም «እሺ» የተባለበትንም ቀን ንገሯቸው። ያ ቀን ባይኖር ዛሬ ይሄን ጽሑፍ የምናነብ ስንቶቻችን ነበርን?

የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልን፣ እንመልሳለን። ስድቡ ብቻ ይቅርብን።