ተግባረ ዕድ የወዳቂ ማራገፊያ አይደለም

ማምሻውን ሜክሲኮ አደባባይ የቆመ ሰው ሁለት ነገር ያያል። ከታች ወደ ጀሞ፣ ወደ ለቡና ወደ አየር ጤና ታክሲ የሚጠብቅ ረጅም ሰልፍ፤ ከላይ የባቡር ሐዲድ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ተገዝተውለት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫና በጥገና እጦት ቆሙ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲኬድ የሚቀጥለው ጣቢያ ስሙ ማን ነው? ተግባረ ዕድ! ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው ዘግይቶ በ1943 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ዲግሪ መስጠት ሳትጀምር መፍቻ የሚይዝ እጅ እንደሚያስፈልጋት ገብቷት ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱም ውጤቱ ያው ነበር፤ 3.2 በመቶ። ለቀሩት መቶ ሺዎች የተሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ሙያ ተማሩ»።

ምክሩ ስህተት የለውም። ስህተቱ የሚነገርበት ሰዓት ነው። «ካልተማርክ ጋራዥ ነው የምትገባው» እየተባለ 12 ዓመት ያደገ ልጅ፣ ወደቅህ በተባለ ማግስት ጋራዥ ክብር ነው ቢሉት እንዴት ይመን? ይህን ምክር ከሚሰጡት ሹማምንት ስንቱ የራሱን ልጅ ብየዳ አስመዝግቧል?

አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል የሚለው አፍ ግን አልተዘጋም። ስድቡ መልኩን ቀይሮ «ነጥብ ያልመጣለት» ሆኗል።

ዲግሪውም ቢሆን አላዳነም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ግን ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደቁ። ሕንፃው ተሠራ፣ ጋዋኑ ተለበሰ፣ ፎቶው ተነሣ፤ እውቀቱ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በሙያ ሥልጠናው በኩል በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ አለ። የትብብር ሥልጠና ይባላል። ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን በተቋሙ ያሳልፋል ይላል። በተግባር ግን በብዙ ቦታ ሠልጣኙ ሻይ ተላኪ ነው። ማሽኑን እንዳይነካ ይከለከላል፣ የልምምድ ወረቀቱ ላይ ግን ማኅተም ይመታለታል። ከዚያ ሲኦሲ ሲወድቅ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል።

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። ገንዘቡማ ወጥቷል! በውጭ ብድር የተገዛ ባቡር ቆሞ ይዝጋል። የባቡሩ መጠገኛ የተግባረ ዕድ ቋሚ መማሪያ ክፍል ይሁን። ደረጃ 4 የጨረሰ ሠልጣኝ ያለ ልመና ወደ ዲግሪ የሚያልፍበት በር ይከፈት። መንግሥትም ራሱ ሲቀጥር ከወረቀቱ በፊት እጁን ይፈትሽ፤ ለጥሩ መካኒክ ከቢሮ ጸሐፊ ያነሰ ደመወዝ እየከፈሉ «ሙያ ክብር ነው» ማለት ፌዝ ነው። ምርጦቹ ልጆች ወደው የሚመዘገቡበት ትምህርት ቤት እስካልሆነ ድረስ፣ የሙያ ትምህርት ቅጣት እንጂ ትምህርት አይደለም።

እስከዚያው ሜክሲኮ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ዲግሪ ያለውም፣ ሲኦሲ የወደቀውም፣ 12ኛ ላይ የቀረውም አንድ ላይ ቆመው ታክሲ ይጠብቃሉ። ከበላያቸው ሐዲዱ አለ፤ ባቡሩን የሚጠግነው ሰው ግን እዚያው ሰልፉ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ቆሟል።