የፈረስ ድርቆሽ በዓይን ብቻ አይገዛም

ከጉና ሥር የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን ደብዳቤ ላኩልን። ደብዳቤውን የጻፉት በራሳቸው እጅ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ግን አንዱም አላስቸገረንም። እንዲህ ይላሉ፦ «አምና በሚያዝያ ሣር አለቀብኝ። ገበያ ወርጄ ርካሽ ድርቆሽ ገዛሁ። ከላዩ ደህና ይመስል ነበር። ፈረሴ አንድ ሳምንት እንደበላ ሳል ያዘው። አሁንም ዳገት ሲወጣ ያስለዋል። ዘንድሮ እንዳልታለል ምን ላድርግ?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። በፋርጣም ሆነ በጋይንት ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ በበጋ የሚያስበው ይህንኑ ነው። በጉና ዳገት ላይ ፈረስ እግር ነው። እህል ያጓጉዛል፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ያደርሳል። በጥር ደግሞ ክብር ነው። ጥር 25 ቀን የመርቆሬዎስ ለት፣ በደብረ ታቦር ጉግስ ሲጫወቱ፣ አጥንቱ የወጣ ፈረስ ይዞ መታየት ማን ይወዳል?

በመጀመሪያ የፈረስን ሆድ እንወቅ። ላም ታመሰኳለች። ጨጓራዋ አራት ክፍል አለው። የበላችውን ሻካራ ጭድ መልሳ እያላመጠች ታደቀዋለች። ፈረስ ግን አያመሰኳም። ጨጓራው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ትንሽ ነው። ከዚህም ሌላ ፈረስ አያስታውክም። መጥፎ ነገር ከዋጠ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ስለዚህ የተበላሸ መኖ ሲበላ በቁርጠት ይወድቃል፤ አንዳንዴም ይሞታል።

ሳሉስ ከየት መጣ? ከሻጋታ ነው። ድርቆሽ ሳይደርቅ ሲከመር ይሻግታል። ሻጋታው በኋላ ሲደርቅ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይሆናል። ፈረስ ሲበላ አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀብሮ ነው። ብናኙን ቀኑን ሙሉ ይስበዋል። ሳንባው ይቆጣል፤ የአየር ቧንቧው ይጠብባል። እንዲህ ያለው ሳል ከፈረስ ወደ ፈረስ አይተላለፍም። ነገር ግን ያው ሣር እስካለ ድረስ አይለቅም።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ሻጭ ጥሩውን ሣር ከላይ ያደርገዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንሸጥ እኛም ሳናደርገው አንቀርም። ስለዚህ ላዩን አትዩ። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ወደ እስሩ መሐል ክተቱ። መሐሉ ከሞቀ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ተዉት። እርጥብ ድርቆሽ ተከምሮ ሲቆይ እየጋለ ይሄድና በራሱ እሳት ሊነሣበት ይችላል። ከመሐል አንድ ጭብጥ አውጡና ጠምዝዙት። ኮሽ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ አልደረቀም። ቀጥላችሁ አሽትቱት። ጥሩ ድርቆሽ ሣር ሣር ይሸታል። የሻገተው ግን ዝናብ እንደሚያፈስ ቤት ይሸታል። በመጨረሻም በፀሐይ ፊት አራግፉት። ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ከቦነነ ያ ሣር ለፈረስ አይሆንም። በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ቀለሙም ይናገራል። አረንጓዴነቱ ያልጠፋ ድርቆሽ በወቅቱ ታጭዶ በወጉ የደረቀ ነው። ላዩ ብቻ ፀሐይ መትቶት ቢነጣ አይጎዳም። ውስጡም ቢጫ ከሆነ ግን ወይ ዝናብ መትቶታል፣ ወይም አርጅቶ ነው የታጨደው። ጥቁር ወይም ቡና የመሰለው ደግሞ በእርጥበት ግሎ የተበላሸ ነው። ቅጠሉ በዝቶ አገዳው ያነሰውን ምረጡ፤ ኃይል ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። ማገጥ የተቀላቀለበት ከሆነ እሰየው! ሰንበሌጥና አክርማ የበዛበትን ግን ለቤት ክዳንና ለስፌት ተዉት። እሾህ ካለበት የፈረሱን አፍ ይወጋል። አስተናግር ካለበት መርዝ ነው።

አሁን ደግሞ እርሳስና ወረቀት አውጡ። ቁጥር የተማርነው ለዚህ ነው። አንዱ ሻጭ አንድ እስር ድርቆሽ 300 ብር ይላል እንበል። ሌላው 260 ብር ይላል። ዓይን ወደ 260 ይሄዳል። አትቸኩሉ። ሁለቱንም እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ባለ 300ው 20 ኪሎ መዘነ። ባለ 260ው 13 ኪሎ ብቻ መዘነ። 300ን ለ20 ስናካፍል፣ አንዱ ኪሎ 15 ብር ነው። 260ን ለ13 ስናካፍል፣ አንዱ ኪሎ 20 ብር ነው። ርካሽ የመሰለው እስር ውድ ሆኖ ተገኘ! ገና አላበቃንም። ባለ 20 ኪሎውን ስትፈቱት 5 ኪሎው የሻገተ ቢሆንስ? የሚበላው 15 ኪሎ ብቻ ነው። 300ን ለ15 ስናካፍል 20 ብር ይመጣል። እሱም ያው ሆነ። ስለዚህ ብዙ እስር ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን አስፈትታችሁ እዩ። ሻጩ እንቢ ካለ ምክንያት አለው። እርጥብ ሣርም ድንጋይም ሚዛን ይደፋል፤ ከሚዛኑ በፊት መሐሉን ፈትሹ።

ስንት ይበቃል? የአገራችን ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል። በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል። ሥራ ሲበዛበት ይጨመርለታል። ግጦሽ የሚጠፋው ከጥር እስከ ግንቦት ነው ብንል 5 ወር ወይም 150 ቀን ነው። 5 ሲባዛ በ150፣ 750 ኪሎ ይሆናል። ብዙ ነው፤ እናውቃለን። ግን ሁሉም ድርቆሽ መሆን የለበትም። ግማሹ ከገዛ አውድማችሁ የወጣ ጭድ ቢሆን የሚገዛው 375 ኪሎ ብቻ ይሆናል።

ጭድም ከጭድ ይለያል። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፤ ከጭዶች ሁሉ ይሻላል። ነገር ግን ለቤት ምርጊትም ስለሚፈለግ ዋጋው ይወጣል። የገብስ ጭድ በእኛ ደጋ ሞልቷል። ከመስጠታችሁ በፊት እንደ መርፌ የሾለውን ጢሙን አራግፉለት፤ ድድ ይወጋል። ከፎገራ የሚመጣው የሩዝ ገለባ ርካሽ ነው፤ ግን ሻካራ ነው፣ ጉልበትም የለው። ጭድ የሚበዛበት ፈረስ በየቀኑ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርለት ሥጋው አይወርድም። አሞሌ ጨው ይላስ፤ ውኃም አይጉደልበት። ደረቅ መኖ ያለ ውኃ ሆድ ይደፍናል። መኖ ስትለውጡም በአንድ ቀን አትለውጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀላቅሉለት።

የዋጋው ነገር ከወሩ ጋር የታሰረ ነው። አንባቢያችን የገዙት በሚያዝያ ነው። በሚያዝያ የሁሉም ሰው ጎተራና ክምር ይሳሳል፤ ሻጭም ይህን ያውቃል። ድርቆሽ የሚረክሰው በታጨደ ሰሞን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የዚያን ጊዜ ጥራቱም ይታያል። ከዚያም የሚረክስ አለ፤ የቆመ ሣር መግዛት። ሜዳ ያለው ጎረቤት ካለ በጥቅምት ሣሩን እንደቆመ ተዋዋሉት። ሣሩ ሲያብብ፣ ፍሬው ሳይረግፍ፣ ራሳችሁ እጨዱ። ዝናብ ሲያባራ አጭዳችሁ እያገላበጣችሁ አድርቁት። ጉልበት ይጠይቃል፤ ግን መቼ እንደታጨደና ዝናብ እንዳልመታው በዓይናችሁ አይታችኋል። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ተባብራችሁ ብትገዙ ደግሞ የመጓጓዣው ዋጋ ይከፈላል። ማን ስንት ኪሎ እንደወሰደ፣ ማን ስንት ብር እንደከፈለ በደብተር ጻፉ። በቃል የተያዘ ሒሳብ ጎረቤት ያጣላል።

ጥሩ ድርቆሽ ገዝቶ በቤት ማበላሸትም አለ። መሬት ላይ አትከምሩ፤ እርጥበት ከሥር ይወጣል። ድንጋይ ደርድሩና እንጨት ረብርቡበት። ክምሩን አናቱን ሾል አድርጉት፤ የበልግ ካፊያ ከመጣ ይወርድለታል። ፈረሱ ከሚያድርበት ቤት ውስጥ ግን አትከምሩ፤ ብናኙ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫው ሥር ይሆናል።

አሁን ወደ አንባቢያችን ፈረስ እንመለስ። ወንድማችን፣ ያን ሣር ዛሬውኑ ያቁሙ። ፈረሱን አየር በሚያገኝበት ደጅ ይሠሩት። ሌሊት ብርድና ውርጭ ካለ ከመጠለያ ሥር ይሁን፤ ጭስ ካለበት ቤት ግን አያስገቡት። ጥሩውን ድርቆሽ እንኳ ከመስጠትዎ በፊት ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ነክረው ያንጠፍጥፉት፤ ብናኙ ይቀራል። የሻገተውን ግን መንከር አያድነውም። ለጥቂት ሳምንታት ዳገት አያስወጡት፤ ጭነትም አይጫኑት። ትኩሳት ካለው፣ ከአፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ቆሞ ሳለም ጎኑ እያለከለከ ከሆነ፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

የተረፈውን የሻገተ ድርቆሽ «ለላሟ ልስጥ» እንዳይሉ። ላምንም ይጎዳል፤ ያረገዘች ከሆነች ሊያስወርዳት ይችላል። ለጉዝጓዝም አይሁን። ከቤት ራቅ አድርገው ጉድጓድ ውስጥ ከእበትና ከአመድ ጋር ይቅበሩት። በሚቀጥለው ክረምት ለድንችዎ ማዳበሪያ ይሆናል።