ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚሻሻጠው በስም፣ በሥሪት ዘመንና በቀለም ነው። ደላላው «ኮሮላ፣ የ2010፣ ነጭ» ሲል ገዢው ዋጋ ይጠራል። ጠንቃቃ የተባለው «መሪው ዞሯል ወይ?» ብሎ ይጨምር ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይታለፋል፤ መኪናው የተሠራው ለየትኛው አገር ገበያ ነው?

ፋብሪካዎች አንድ ስም የለጠፉበትን መኪና ለአውሮፓ፣ ለባሕረ ሰላጤው፣ ለህንድ፣ ለቻይናና ለአፍሪካ በየፈርጁ ያሰናዳሉ። ከልዩነቱ ከፊሉ ተገቢ ነው። ለዱባይ የሚላከው የአየር ማቀዝቀዣው ይጠነክራል፤ ለስዊድን የሚላከው የመቀመጫ ማሞቂያ ይገባለታል። ለጃፓን የተሠራ የቆየ ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ አዲስ አበባ ሲደርስ ሸገር 102.1ን አያሰማም። ሬዲዮ ግን ይቀየራል።

የማይቀየረው የሕይወት መጠበቂያው ሲቀነስ ነው። የአገሩ ሕግ ካላስገደደ፣ ገዢውም ካልጠየቀ፣ ለፋብሪካው ወጪ የሆነ ዕቃ ከመኪናው ይወርዳል።

ህንድን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ድርጅት በህንድ የሚሸጡ አምስት ትናንሽ መኪናዎችን ኤርባግ በሌለው ዓይነታቸው አጋጭቶ ፈተነ። አምስቱም ዜሮ ኮከብ አገኙ። ከነዚህ አንዱ የፎልክስዋገን ፖሎ ነበር። ኩባንያው ኤርባግ የሌለውን ፖሎ ከህንድ ገበያ አነሳ። ሁለት ኤርባግ የተገጠመለት ፖሎ ሲፈተን አራት ኮከብ ወሰደ። ዕውቀቱም ዕቃውም ቀድሞ በእጅ ነበር፤ የጠፋው አስገዳጅ ነው።

አፍሪካም ከዚህ አላመለጠችም። በደቡብ አፍሪካ ይመረት የነበረው ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒክአፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈትኖ ዜሮ አገኘ። በ2020 ያው ድርጅት አዲስ ሃርድቦዲን አውሮፓ ውስጥ ከተገዛ ያገለገለ የ2015 ኒሳን ናቫራ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። ድርጅቱ የደረሰበት ድምዳሜ የሚያስደነግጥ ነው። የአዲሱ አሽከርካሪ ሕይወቱን ሊያጣ የሚችልበት ግጭት፣ የአሮጌው አሽከርካሪ በእግሩ ወጥቶ የሚሄድበት ነበር። የአፍሪካው መኪና ኤርባግ አልጎደለውም፤ የከዳው የአካሉ ጥንካሬ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ዜሮ ኪሎሜትር» የሚለው ቃል ብቻ ዋጋ ሲሰቅል ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው በሌላ መልክ መጥቷል። ፎልክስዋገን አይዲ 6ን ያወጣው ለቻይና ገበያ ብቻ ሆኖ ሳለ መኪናው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ይታያል። አይዲ 4 ደግሞ የቻይናም የአውሮፓም አለው። የፈጣን ቻርጅ ሶኬታቸው አንድ አይደለም፤ ሶፍትዌራቸውና የስክሪናቸው ቋንቋም ይለያያል። የአውሮፓውን ዋጋ ሰምቶ የቻይናውን «ረከሰልኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን አወዳድሯል። ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ደርሶ ሶኬቱ እንቢ ሲል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

«ዕቃ የተቀነሰለት መኪና ባይኖር አቅም ያነሰው ምን ይገዛ ነበር?» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ክርክሩ ጨርሶ የሚጣል አይደለም። የቆዳ መቀመጫ የቀረለት መኪና ረክሶ ቢሸጥ ማንም አይጎዳም። ቅናሹ ቅናሽ የሚሆነው ግን ገዢው የጎደለውን ሲያውቅና ዋጋው በዚያው ልክ ሲወርድለት ነው። ዕቃው ቀንሶ ስሙ ሙሉ ዋጋ ካወጣ፣ ትርፉ የሻጭ፣ አደጋው የገዢ ነው።

ማጣራቱ ተአምር አይጠይቅም። የቻሲስ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ በጄ ቢጀምር ጃፓን መሠራቱን፣ በኤል ቢጀምር ቻይና መሠራቱን ይናገራል እንጂ ለማን እንደተሠራ አይናገርም። የሚናገረው የሞዴሉ ኮድ ነው። ለውጭ ገበያ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከኮዱ መጨረሻ የሚገኘው ደብሊው ፊደል አውሮፓን፣ ቪ ደግሞ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ያመለክታል። ኮዱ በመኪናው የመለያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኤርባጉን መቁጠር፣ ሶኬቱን ከፍቶ ማየትም የደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው በሽያጭ ውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ «የተሠራበት ገበያ»። ለመኪና የሚያበድር ባንክና ውል የሚገባ ኢንሹራንስም ግምት ከማውጣታቸው በፊት ይህንኑ ቢጠይቁ ራሳቸውን ይጠቅማሉ። የህንዱ ፖሎ ኤርባግ የገባለት አንድ ሰው አጋጭቶ ውጤቱን በአደባባይ ስለተናገረ ነው። የአዲስ አበባ ገዢ መኪና ማጋጨት አይጠበቅበትም። ቀብድ ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ ይበቃዋል።