አሮጌው ፕሌይስቴሽን ይበቃናል

ፕሌይስቴሽን 2 ከሞተ ቆየ ይሉናል። ወረቀት ላይ ካየነው እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ የወጣው ማሽን ከ150 ሚሊዮን በላይ ከተሸጠ በኋላ፣ በ2013 መጀመሪያ ምርቱ መቆሙ ተነገረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የ2014ቱ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ወጣለትና ነገሩ ተዘጋ። መርዶው ግን ደብረ ማርቆስ የደረሰ አይመስልም። ፒኤስ 4 ባስገቡት ጌም ቤቶች ሳይቀር ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ያቺ ጥቁር ሳጥን አትጠፋም፤ ተሸናፊ ከፋይ ነው፣ ወረፋም አለ።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ዛሬ በዚህ ከተማ ጌም መጫወት የፈለገ ወጣት ያገለገለ ፒኤስ 2 ቢገዛ «ሌላው አቅሙ ስላልቻለ ነው» ብሎ መሳቀቅ የለበትም። ለኑሯችን የሚስማማው እሱ ነውና።

የዋጋውን ነገር ቶሎ እንለፈው። ፒኤስ 5 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲወጣ 499 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። 28 ሺህ ብር ግድም የነበረው ሒሳብ 50 ሺህ ሆነ ማለት ነው፤ ቀረጡንና የነጋዴውን ትርፍ ሳንቆጥር።

ገንዘቡን አገኘን እንበል። ቀጥሎ ማሽኑ አካውንት ክፈቱ ይላል። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትዎርክ አካውንት ከሚከፍትላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህ የማርቆስ ልጅ አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ አድራሻ ይፈጥራል። አዲሱ ቀጭን ፒኤስ 5 የሲዲ ማጫወቻውን ለብቻው ገዝተው ሲገጥሙለት እንኳ መጀመሪያ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ አይቀበለውም። ኢንተርኔት ደግሞ በእኛ በኩል ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በነዚያ ወራት ስልክ ላይ ያሉት ጌሞች ግማሾቹ «ግንኙነት የለም» ብለው ተገተሩ። አሮጌዋ ሳጥን ግን ሲዲዋን ጎረሰች፣ ሁለት ጆይስቲክ ተሰካላት፣ አለቀ። ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የላትም።

«ስልክ እያለ ለምን አሮጌ ዕቃ?» የሚሉን አሉ። ስልክ ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ያቀረቅራል። ፒኤስ 2 ላይ ባላጋራህ አጠገብህ ነው የተቀመጠው፤ ትከሻው ይነካሃል፣ ጎል ሲያገባብህ ጆሮህ ላይ ይጮኻል። በፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ኢንተር ሚላንን ይዞ ኳሷን ለአድሪያኖ ያደረሰ ሰው ምን እንደሚፈጠር የሚያውቅ ያውቃል። የሰውዬው የምት ኃይል 99 ነበር! በዚህ የተነሳ አድሪያኖን መያዝ የተከለከለባቸው ቤቶች እናውቃለን፤ ፍትሐዊ ሕግ ነው።

ወላጆች ጌም ቤትን የማይወዱበት ምክንያት አላቸው፤ ትምህርት የሚቀርበት፣ ሳንቲም የሚፈስበት ቦታ መሆኑን አንክድም። እንዲያውም ክርክራችን ለእነሱም ነው። ሦስት አራት የጎረቤት ልጆች አዋጥተው የገዙት ማሽን እናት ባለችበት ሳሎን ሲቀመጥ፣ ሰዓቱን የምትወስነው እናት ናት። (ማን ቤት ይቀመጥ የሚለውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱ።)

አሁን ወደ ግዢው። ሻጩ «አልተነካም፣ ዲያስፖራ ያመጣው ነው» ሲል መጀመሪያ ገልብጡና ከሥር ወይም ከኋላ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። ለጃፓን የተሠራው ወፍራሙ ማሽን 100፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው የሚፈልገው። እኛ ሶኬት ላይ 220 ነው ያለው፤ ቀጥታ የሰካው ሰው ጭስ ነው የሚያየው። ለአውሮፓ የተሠራው ለእኛ ይሆናል። ቀጥሎ ሌንሱ። የማሽኑ ቀድሞ የሚደክም አካል እሱ ነው፤ አምስት ደቂቃ ስለሠራ አትመኑት፤ ቁጭ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱበት። ሲዲ ሲያነብ እየደጋገመ ከተንጠረጠረ ወይም መሐል ላይ ከቆመ ዋጋ አስቀንሱ፣ አለዚያ ተዉት። ቀኑንና ሰዓቱን በከፈታችሁት ቁጥር ከጠየቃችሁ ግን አትደንግጡ፤ ውስጡ ያለችው የሰዓት ባትሪ ናት ያለቀችው።

ሌንሱ የደከመም ቢሆን ተስፋ አለው። ፍሪ ማክቡት የሚባል ፕሮግራም የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ ከተገኘ ጌሙን ከፍላሽ ማስነሳት ይቻላል። ችግሩ የማሽኑ የዩኤስቢ መስመር የድሮና ቀርፋፋ ነው፤ ጨዋታው ይሄዳል፣ በየመሐሉ የሚገቡት ፊልሞች ግን ይንቀራፈፋሉ። ሃርድ ዲስክ የሚገባለት ወፍራሙ ሞዴል ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። መጨረሻ ላይ የተሠሩት የ90 ሺህ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ቀጫጭኖቹ ደግሞ አብዛኞቹ ፍሪ ማክቡትን አይቀበሉም፤ ቁጥሩን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

የሲዲውን ነገር በግልጽ እናውራው፦ እዚህ የተጫወትነው ሁሉ ኮፒ ነው ለማለት ይቻላል። ኮናሚ ከማርቆስ አምስት ሳንቲም አላገኘም፤ ሊሸጥልንም አልመጣም።

ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ አንድ ምክር። ብዙ አዳዲስ ፍላት ስክሪኖች የቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዱን መሰኪያ ትተውታል፤ መቀየሪያ ተገዝቶ ቢሰካም ጆይስቲኩን ስትነኩና ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ መሐል ትንሽ መዘግየት ሊኖር ይችላል። ቅጣት ምት ላይ ይህች ትንሽ ታናድዳለች። ዕቃ ቤት የተጣለው የድሮው ከባድ ቴሌቪዥን ይህ ችግር የለበትም፤ አቧራውን ጥረጉና አውጡት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው ንቀሉ፤ ማሽን የሚገድለው መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ ዘሎ የሚመጣው ኃይል ነው።

ጌሙ አርጅቷል ለሚል ደግሞ፣ ደጋፊዎች ዛሬም የቡድኖቹን ዝርዝር እያደሱ ይለቁታል፤ የብራዚሎቹ ቦምባ ፓች ከ2007 ጀምሮ ይህን ሲሠራ ኖሯል። በእነዚህ እድሳቶች ማሽኑ ከወጣ ሰባት ዓመት ቆይቶ የተወለደው ላሚን ያማል የባርሴሎናን መለያ ለብሶ በቀኝ ክንፍ ይሮጣል። ፊቱ ያማልን አይመስልም። ግራ እግሩ ግን ራሱ ነው።