ማሞቂያው ያልሞቀ የጭነት መኪና

አሮጌ የጭነት መኪና የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ሾፌሩ ሌሊት ሲጓዝ በቤት ያሉት ሚስትና ልጆች በደኅና መመለሱን ይጠባበቃሉ። ስለዚህ በዚህ ወር፥ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ነገር ግን ሕይወት ስለሚያጠፋ ችግር፥ ይኸውም ስለ ጋቢና ማሞቂያ አለመሥራትና ስለ ፊት መስታወት መታፈን እንነጋገራለን።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በቆላው ላብ ያጠመቀው ሾፌር ወዲያው ከብርድና ከጉም ውስጥ ይገባል። ትንፋሹም እርጥበት አለውና ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ውኃ ሆኖ ይሸፍነዋል። በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው መስታወት ሲወለውል፥ ገደሉ ከጎኑ ነው።

ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። በሞተሩ ዙሪያ የሞቀው ውኃ በጋቢናው ውስጥ ባለች ትንሽ ራዲያተር ሲያልፍ፥ ቬንቲላተሩ ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ይነፋዋል። እንግዲህ ጉድለቱን በተራ መፈለግ ይገባል።

1ኛ፤ ውኃውን ተመልከቱ። ክዳኑን የምትከፍቱት ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ይሁን፤ በትኩስነቱ የከፈተ ሰው በእንፋሎት ይቃጠላል። ውኃው ከጎደለ ትንሿ ራዲያተር አየር ትይዝና አትሞቅም። የክዳኑም ጎማ ያልተበላ ይሁን፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግፊት የሌለበት ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና።

2ኛ፤ ቴርሞስታቱን መርምሩ። ይህ ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ መሣሪያ ነው። በቆላ ሞተሩ እንዳይግል ብለው ነቅለው የሚጥሉት አሉ። እንዲህ ያለው መኪና በደጋ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ያባክናል፤ ሞተሩም ያለ ጊዜው ያልቃል። በአንዳንድ ሞተር ደግሞ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለስና፥ የተፈራው መጋል ይብሳል። ለመፈተን በማለዳ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ፥ ከቬንቲላተሩና ከቺንጋው እጃችሁን እያራቃችሁ፥ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ዳስሱ። ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት ቢሞቅ ቴርሞስታቱ ደኅና ነው። ከመነሻው ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ቢሞቅ ግን ወይ ተነቅሏል፥ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል።

3ኛ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ጋቢና የሚገቡትን ሁለቱን ጎማዎች ንኩ። ሁለቱም ቢቀዘቅዙ የውኃው መዝጊያ አልተከፈተም፥ ወይም አየር ገብቷል። አንዱ ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ ትንሿ ራዲያተር በዝገት ተደፍናለች፤ ይህም የወንዝ ውኃ እየቀዱ የመሙላት ዋጋ ነው።

4ኛ፤ ሁለቱም ሞቀው ነፋሱ ካልመጣ ፊውዙንና ቬንቲላተሩን እዩ። ነፋሱ ለእግር ብቻ ከደረሰ ወደ መስታወቱ የሚወስደው ቱቦ ወልቋል፥ ወይም የመቀየሪያው ሽቦ ተበጥሷል። የጋቢናው ወለል ከራሰና መስታወቱ በቅባት መሰል ነገር ከታፈነ ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች።

እስኪጠገን ድረስ የመስታወቱን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል፥ የጎኑንም መስኮት በጥቂቱ መክፈት ይረዳል። በጋቢና ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም። የከሰል መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው እንደ ተኛ ያስቀረዋል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ወደ ጋቢና የሚገባ ከሆነም አደጋው ያው ነውና፥ ቀዳዳው ሳይደፈን መኪናው ለጉዞ አይነሣ።

ቴርሞስታት ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ነው። ቆላና ደጋ የሚመላለስ መኪና ግን ሁለቱን አየር የሚችለው በእርሱ ነው። ስለዚህ የመኪናው ባለቤት ጋራዥ በሄደ ጊዜ፥ «ቴርሞስታቱ በቦታው አለን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሾፌሩም ዳገቱን ሳይጀምር ማሞቂያውን ይሞክር።